ስለ መቁጠሪያ ሥራና ስለ ሠራተኛ እጅ ክብር

ሰው ለሚወደው ሰው ስጦታ በሰጠ ጊዜ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ዕቃ ነው። ሁለተኛው በዕቃው ውስጥ የተሰወረው ድካም ነው። ዕቃ በገበያ ይገዛል፤ ድካም ግን ከራስ ይወጣል እንጂ በገንዘብ አይገኝም። ስለዚህ በገዛ እጅ የተሠራ ትንሽ ስጦታ በብዙ ብር ከተገዛ ትልቅ ስጦታ ይልቅ የሚወደድበት ጊዜ አለ።

ልጆች በእጃቸው ሊሠሩት ከሚችሉት ስጦታ አንዱ መቁጠሪያ ነው። ለሥራው ወርቅና ዕንቁ አያስፈልግም። ጥሩ ክር፣ ትንሽ መስቀልና የማይቸኩል ልብ ይበቃል። ነገር ግን መቁጠሪያ የሚሠራ ልጅ አስቀድሞ ሦስት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ መቁጠሪያ ምን እንደ ሆነ፣ ክሩና መስቀሉ ከማን እጅ እንደ መጡ፣ ደግሞም እንዴት እንደሚሠራ።

መቁጠሪያ ምን እንደ ሆነ

መቁጠሪያ ጸሎት የሚቆጠርበት ገመድ ነው። ስሙም መቁጠር ከሚለው ቃል ወጣ። የሚጸልይ ሰው ልቡ ወደ እግዚአብሔር ሲያስብ ጣቱ ቁጥሩን ይጠብቅለታል። ስለዚህ ስንት ደረስሁ እያለ አይጨነቅም፤ አሳቡም አይበተንም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናት፣ መነኮሳትና ምእመናን 41 ወይም 64 ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ ይይዛሉ። 64ቱ እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችበትን ዕድሜ ለማሰብ ነው። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የተለመደው መቁጠሪያ ደግሞ 59 ፍሬ አለው። ከነዚህ 53ቱ ትንንሾች ናቸው፤ በነርሱ ላይ መልአኩ ገብርኤል ለድንግል ማርያም ያቀረበው ሰላምታ ይጸለያል። 6ቱ ታላላቆች ናቸው፤ በነርሱም ላይ አባታችን ሆይ ይባላል።

የዚህ ጸሎት አጀማመር ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች የሚያስደስት ነገር አለበት። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ገዳማት መነኮሳቱ 150ውን የዳዊት መዝሙር ይደግሙ ነበር። ማንበብ የማያውቁ ወንድሞችና የአገሩ ገበሬዎች ግን ዳዊት መድገም አልቻሉም። ስለዚህ በመዝሙሩ ፈንታ በቃል የሚያውቁትን አጭር ጸሎት 150 ጊዜ ይጸልዩ ጀመር። ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸውም ገመድ ቋጥረው ያዙ። እንግዲህ መቁጠሪያ ያልተማረው ሰው መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1569 ዓ.ም. የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ የጸሎቱን ሥርዓት በጽሑፍ አጸና። ጸሎቱ የጌታንና የእናቱን ሕይወት በሦስት ክፍል ያሳስብ ነበር፤ እነዚህም የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ምሥጢራት ይባላሉ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የብርሃን ምሥጢራት የሚባለውን አራተኛ ክፍል ጨመረ።

ማተብና ሜዳልያ

መቁጠሪያ በእጅ ይያዛል፤ በኪስ ወይም በከረጢት ይቀመጣል። በአንገት የሚታሰረው ግን ማተብ ነው። በኢትዮጵያ ሕፃን በተጠመቀ ጊዜ ካህኑ በአንገቱ ክር ያስርለታል። ክሩ ብዙ ጊዜ ከሦስት ተገምዶ አንድ ይሆናል፤ ይህም የሥላሴን ሦስትነትና አንድነት ያስታውሳል። ከማተቡም ላይ መስቀል ይንጠለጠላል።

የአማርኛ ቋንቋ የማተብን ክብር በብዙ መንገድ ይመሰክራል። እውነተኛ ሰው ለመሐላ፣ በማተቤ ይላል። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው፣ ማተብ የሌለው ይባላል። በዚህም ማተብ የታመነ ልብ ምልክት እንጂ ጌጥ ብቻ እንዳይደለ ይታወቃል።

በካቶሊካውያን ዘንድ ከመስቀሉ ጋር ሜዳልያ ማንጠልጠልም የተለመደ ነው። ሜዳልያ የቅዱሳን መልክ የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ምልክት ነው። ከነዚህ የታወቀችው ተአምራዊት የምትባለው የእመቤታችን ሜዳልያ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. ካትሪን ላቡሬ የምትባል የፓሪስ ደናግል እኅት ራእይ አየች፤ በራእዩም መሠረት በ1832 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሜዳልያዎች ተሠሩ። ካትሪን ከቅዱስ ቪንሰንት መንፈሳውያን ልጆች አንዲቱ ነበረች። ከዚያው ከቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር የሆነ ካህን ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ በ1839 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ገባ። የአገሩም ሰዎች አቡነ ያዕቆብ ብለው ጠሩት።

ከአቡነ ያዕቆብ ጋር አባ ገብረ ሚካኤል የሚባል የጎጃም ሊቅ ነበረ። አባ ገብረ ሚካኤል ስለ ሃይማኖቱ ታስሮ፣ እግሩ በሰንሰለት እንዳለ፣ በ1847 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመንገድ ዐረፈ። ይህ ሰው የወርቅ ጌጥ አልነበረውም። እምነቱ ግን ከማንም ጌጥ ይልቅ አበራ። ስለዚህ በአንገቱ መስቀል ያንጠለጠለ ልጅ፣ ይህ ነገር አምሮ ይታያል ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ እኔ ለዚህ ምልክት የታመንሁ ነኝ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

የክሩ ነገር

ለመቁጠሪያም ለማተብም መጀመሪያው ክር ነው። በአዲስ አበባ ክር የሚፈልግ ሰው ወደ መርካቶ ይሄዳል። መርካቶ በአዲስ ከተማ ያለ ታላቅ ገበያ ነው። ቀድሞ የከተማው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች አገሪቱን በያዙ ጊዜ ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ኢጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም ገበያ ማለት ነው።

መርካቶ በየተራው የተከፈለ ነው። ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። በርበሬ የሚሸጥበት በርበሬ ተራ፣ ሸማ የሚሸጥበት ሸማ ተራ ይባላል። በሸማ ተራ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ጥለት ያለው ቀሚስ በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ለሸማኔ ሥራ የሚሆን ክርም በዚያ አይጠፋም።

ሸማ ከብዙ እጅ በኋላ ሸማ ይሆናል። ጥጡ ከእርሻ ይለቀማል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ያወጣሉ፤ በደጋን ይነድፉታል፤ በእንዝርት ይፈትሉታል። የተፈተለው ክር ለማግ ይሆናል። በቁም የሚዘረጋው ክር ድር ይባላል፤ እርሱም ዛሬ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣ ጠንካራ ክር ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። ድርና ማግ በዚህ ይገናኛሉ። አንዲት ቀጭን ክር በሕፃን ጣት ትበጠሳለች፤ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስር የተባለው ተረት በሸማኔው ፊት በየቀኑ ይፈጸማል።

ሁለት ተማሪዎችና አንድ ሸማኔ

በአዲስ አበባ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ሁለት ልጃገረዶች እንዲህ ያለ ምሳሌ ይነገር። የእመቤታችን በዓል በቀረበ ጊዜ ሁለቱ ለክርስትና እናቶቻቸው መቁጠሪያ ሠርተው ሊሰጡ ተስማሙ። ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ ይዘው ክር ለመግዛት ወደ ሸማ ተራ ወረዱ።

በአንድ ሱቅ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ተቀምጦ ነበር። የሠራውን ጋቢ ለነጋዴው አስረክቦ ዋጋውን ይጠብቃል። ታላቂቱ ልጅ ነጭና ለስላሳ የሆነውን የማግ ክር አንሥታ፣ ይህን እንግዛ አለች። ሽማግሌው ሰምቶ፣

“ልጄ፣ ክሩን ለምን ሥራ ፈለግሽው?” አላት።

“ለመቁጠሪያ ነው፣ አባባ” አለች።

“እንግዲያስ ማጉን ተይው። ማግ ለልብስ ይለሰልሳል እንጂ ቋጠሮ አይችልም፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ይበጠሳል። ድሩን ውሰጂ። እርሱንም ቢሆን ብቻውን አትመኚው፤ ብዙውን አብረሽ ግመጂው” አላት። ከነጋዴውም ፊት ከተከመረው ድር መልካሙን በእጁ መርጦ ሰጣት።

ታናሺቱ ልጅ ግን ባልንጀራዋን በክርን ነካ አድርጋ፣ “ከእጁ አትቀበዪ፤ ቁጢት በጣሽ እኮ ነው” ብላ በሹክሹክታ ተናገረች። ይህ ቃል ሰዎች ሸማኔን ለመናቅ የሚናገሩት ክፉ ስድብ ነው። ቃሉ ቢቀልም የሽማግሌው ጆሮ ሰማው። እርሱ ግን አልተቆጣም።

“ልጄ፣ ይህ የለበስሽው ነጠላ ከወዴት መጣ?” ብሎ ጠየቃት።

ልጅቱ ነጠላዋን ተመለከተች። ሸማ ነበረ። አንገቷንም ዳሰሰች፤ ማተቧ ክር ነበረ። የምትመልሰው አጣች፤ ፊቷም በዕፍረት ቀላ። ታላቂቱ ልጅ አመስግና ዋጋውን ለነጋዴው ከፈለች፤ ሁለቱም ዝም ብለው ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ።

የታናሺቱ ልጅ ጥፋት የእርሷ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ ክፉ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ሰው በሠራተኛው ማረሻ እያረሰ፣ በሸማኔው ልብስ እየሞቀ፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት እየበላ፣ ሠሪዎቹን ግን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ አስነገሩ። በአዋጁም ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብን የሚለውጠው ሰው ራሱ ነው።

ክርስቲያን የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ንቀት የሚጥልበት ሌላ ምክንያት አለው። ጌታችን በናዝሬት በጸራቢ ቤት አደገ፤ ሰዎችም የጸራቢ ልጅ ብለው ጠሩት። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። እንግዲህ የሠራተኛን እጅ የሚንቅ ሰው ማንን እንደሚንቅ ያስተውል።

የመስቀሉ ነገር

ክሩ ከሸማኔ ሰፈር እንደ መጣ፣ መስቀሉም ከአንጥረኛ እጅ ይመጣል። አንጥረኛ ወርቅና ብር የሚሠራ ባለሙያ ነው። ቀድሞ የኢትዮጵያ አንጥረኞች መስቀልና ጌጥ የሚሠሩበት ብር ብዙ ጊዜ ከማርያ ቴሬዛ ብር የቀለጠ ነበር። ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ የንግሥቲቱ መልክና 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ ይሠራ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ በንግድ ገብቶ በገበያ ሲገበያዩበት ኖረ።

አንጥረኛው መስቀል የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከንብ ሰም የመስቀሉን መልክ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሰሙን በደቀቀ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ትንሽ ቀዳዳም ይተውለታል። ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙም ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። በውስጥ የመስቀል ቅርጽ ያለው ባዶ ስፍራ ይቀራል። አንጥረኛው እሳቱን በወናፍ እያናፋ ብሩን ያቀልጣል፤ በባዶው ስፍራም ያፈስሰዋል። በበረደ ጊዜ ጭቃውን ይሰብራል፤ መስቀሉንም በሞረድ ያለሰልሳል።

የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ የሚሉት ነገር ከዚህ ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ምሳሌ ነው። ሰሙ በውጭ የሚታየው ቃል ነው፤ ወርቁ ሰሙ ሲቀልጥ የሚገኘው እውነተኛ ምሥጢር ነው። ሊቃውንቱ ለከበረ ትምህርታቸው ምሳሌ በፈለጉ ጊዜ ከተናቀው ሠራተኛ ምድጃ ወሰዱት። ይህም የእጅ ሥራ ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት ያስረዳል።

መስቀል ለመግዛት ገንዘብ ያነሰው ልጅ አይዘን። ከወይራ እንጨት የተቀረጸ ትንሽ መስቀል ለመቁጠሪያ ይስማማል። ወይራ ጠንካራና ጥሩ ሽታ ያለው እንጨት ስለ ሆነ የመቁጠሪያ ፍሬም ይሠራበታል። ከገመዱ ራሱ የተቋጠረ መስቀልም ይበቃል።

የመቁጠሪያ አሠራር

ፍሬ የሌለው፣ በቋጠሮ ብቻ የሚሠራ መቁጠሪያ ለልጆች ከሁሉ የቀለለ ነው። በመውደቅ አይሰበርም፤ በጸሎት ጊዜም አይንኳኳም። አሠራሩ በተራ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ገመዱ ይገመዳል። ሁለት ልጆች ትይዩ ይቆማሉ። ርዝመቱ በትልቅ ሰው ክንድ 32 ክንድ የሆነ፣ ብዙ ድር በአንድነት የተያዘ ክር በመካከላቸው ይዘረጋሉ። እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ቀኝ አጥብቀው ያከርሩታል። ከዚያም መካከሉን ሌላ ሰው ይዞ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። መካከሉ በተለቀቀ ጊዜ ክሩ በራሱ እየተጠማዘዘ ገመድ ይሆናል። ሲከር ስለሚያጥር 14 ክንድ ያህል፣ ማለት ወደ 7 ሜትር የሚሆን ገመድ ይቀራል። ውፍረቱ ከቀጭን የጫማ ማሰሪያ አይበልጥ። ጫፉ እንዳይተረተር በቀለጠ ሰም ይነከራል።

በሁለተኛ ትንሹ ቋጠሮ ይማራል። ገመዱን በሌባ ጣት ላይ ሦስት ጊዜ መጠምጠም ነው። ከዚያም ጫፉን በጥምጥሙ ውስጥ አሳልፎ፣ ጣትን ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ገመዱን ከሁለቱም ወገን በዝግታ መሳብ ነው። ቋጠሮው እንደ ትንሽ በርሚል ክብ ሆኖ ይጠብቃል። የሚቸኩል ልጅ ቋጠሮው ይወሳሰብበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በትርፍ ክር ላይ ይለማመድ።

በሦስተኛ ዐሥሮቹ ይቋጠራሉ። ከገመዱ መጀመሪያ አንድ ስንዝር ይተዋል። ከዚያ በኋላ 10 ትንንሽ ቋጠሮዎች እርስ በርሳቸው እንዲቀራረቡ ሆነው ይሠራሉ። ቀጥሎ የአንድ ጣት ውፍረት የሚያህል ባዶ ይተዋል፤ አምስት ጊዜ የተጠመጠመ አንድ ታላቅ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ እንደገናም ባዶ ይተዋል። እንዲህ እየተደረገ አምስት ዐሥሮችና በመካከላቸው አራት ታላላቅ ቋጠሮዎች ይፈጸማሉ።

በአራተኛ ክቡ ይዘጋል። መጀመሪያ የተተወው ስንዝርና የተረፈው ረጅም ጫፍ በአንድ ጠንካራ ቋጠሮ ይታሰራሉ። ሜዳልያ ያለው ሰው በዚህ ስፍራ ያስረው።

በአምስተኛ ጅራቱ ይሠራል። በረጅሙ ጫፍ ላይ አንድ ታላቅ ቋጠሮ፣ ቀጥሎ ሦስት ትንንሾች፣ ቀጥሎ አንድ ታላቅ ይቋጠራሉ። በመጨረሻው መስቀሉ ይታሰራል፤ የተረፈውም ክር ይቆረጣል።

አሁን ሠሪው ይቁጠር። ትንንሾቹ 53 መሆን አለባቸው። በክቡ ላይ ያሉት ታላላቆች 4፣ በጅራቱ ያሉት 2፣ በጠቅላላው 6 ናቸው። አንባቢ ግን ከላይ የተባለው 59 ሞልቷል ወይ ብሎ ራሱ ይደምር። አንድ ቋጠሮ የጎደለ እንደ ሆነ ሠሪው ጉድለቱን አይደብቅ። ፈትቶ ያቃና፤ የተሳሳተውን ማቃናት ከሥራው አንዱ ክፍል ነውና።

ስለ ቡራኬና ስለ አሰጣጥ

ሥራው በተፈጸመ ጊዜ መቁጠሪያው ወደ ካህን ቀርቦ ይባረካል። ከተባረከ በኋላ አይሸጥም፤ ይሰጣል እንጂ። ሰው ሲሰጠውም በሁለት ነገር ይጠንቀቅ።

አንደኛው፣ መቁጠሪያና ማተብ ክታብ አይደሉም። አንዳንድ ሰው ክታብ በአንገቱ ያስርና ምንም ሳይጸልይ፣ ጠባዩንም ሳያርም፣ ክሩ ከክፉ ይጠብቀኛል ብሎ ያስባል። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም። ክር ራሱን ማዳን የማይችል ሲሆን ሰውን ሊያድን አይችልም። መቁጠሪያ ለሚጸልይበት ሰው ረዳት ነው፤ ለማይጸልይበት ሰው ግን የተቋጠረ ገመድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ስጦታ መታያ አይሁን። የእኔ ከእርሷ ያምራል እያለ የሚሰጥ ልጅ ስጦታውን ሰጥቶ ትዕቢቱን ለራሱ ያስቀራል። ለእያንዳንዱ ቋጠሮ ለተቀባዩ አጭር ጸሎት እያደረገ የሠራ ልጅ ግን መቁጠሪያው ከእጁ ሳይወጣ በፊት ስጦታውን ጀምሮአል።

ሁለቱ ልጃገረዶችም እንዲሁ አደረጉ። ድሩን ገመዱ፤ ሰባት ቀን ያህል ከትምህርት በኋላ ቋጠሩ፤ በበዓሉም ቀን ለክርስትና እናቶቻቸው ሰጡ። እናቶቹም ተቀብለው ልጆቹን መረቁ። ታናሺቱ ልጅ ግን ልቧ አላረፈም። ሽማግሌው ነጠላዋን በጠየቃት ጊዜ በአንገቱ ያለውን ማተብ አይታ ነበር። ማተቡ ከማርጀቱ የተነሣ ቀለሙ ጠፍቶ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ከተረፈው ድር ሦስቱን ገምዳ አንድ ማተብ ሠራች። ባልንጀራዋንም ይዛ ወደ ሸማ ተራ ሄደች።

ሽማግሌው በዚያ ቀን አልተገኘም። በሌላ ቀንም ሄዱ፤ አላገኙትም። በሦስተኛው ጊዜ በዚያው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ አገኙት። ልጅቱ ቀርባ እጁን ሳመች።

“አባባ፣ በዚያ ቀን በክፉ ቃል በደልሁዎ። ይቅር ይበሉኝ። ይህን ከመረጡልን ድር ሠራሁት” ብላ ማተቡን ሰጠችው።

ሽማግሌው ክሩን በጣቶቹ መካከል ዳሰሰ፤ እንደ ባለሙያም ሳብ አድርጎ ፈተነው።

“በደንብ ከርሯል” አለ። “አይበጠስም። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ።” አሮጌውን ማተብ አወጣና መስቀሉን ወደ አዲሱ አዛወረው።

ምክር

ልጆች ሆይ፣ የሚለበሰው ልብስ፣ የሚበላበት ወጭት፣ የሚታረስበት ማረሻ፣ የሚጸለይበት መቁጠሪያ፣ ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ መጥቷል። የዕቃውን ውበት እያመሰገኑ ሠሪውን መናቅ፣ ፍሬውን በልቶ ዛፉን መርገም ነው። በገዛ እጁ አንድ ነገር የሠራ ልጅ የሥራን ድካም ያውቃል፤ ድካምን ያወቀ ልጅም የሌላውን ሠራተኛ አይሰድብም። ስለዚህ መቁጠሪያ መሥራት ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ተቀባዩን ለጸሎት ያነሣሣል፤ ሠሪውን ሰው ማክበር ያስተምራል።

ጥያቄ

1. የካቶሊካውያን መቁጠሪያ ስንት ትንንሽና ስንት ታላላቅ ፍሬዎች አሉት?
2. ማንበብ የማያውቁ ሰዎች 150ውን መዝሙር በምን ተኩ?
3. ሸማኔው ለመቁጠሪያ ከማግ ይልቅ ድርን የመረጠው ስለ ምን ነው?
4. አንጥረኛ መስቀል ሲሠራ ሰሙ ወዴት ይሄዳል?
5. አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ምን ከለከሉ?
6. ታናሺቱ ልጅ ጥፋቷን ያቃናችው በምን ነው? አንተስ፣ አንቺስ፣ በእጅህ ወይም በእጅሽ የተሠራ ነገር ለማን መስጠት ይገባል?